«ዮጋ ለእኔ አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት፦ መሠልጠን ያለበት ሰውነታችሁ ነው ወይስ አስተማሪው?

እስቲ ስልካችሁ ላይ «ዮጋ» ብላችሁ ፈልጉ። የሚመጣላችሁ ምስል አንድ ዓይነት ነው፦ ቀጭን ሴት፣ ባሕር ዳር ላይ፣ እግሯን ትከሻዋ ላይ ሰቅላ ፈገግ ስትል። ቪዲዮውን ተከትላችሁ ቤት ውስጥ ጎንበስ ስትሉ ደግሞ ሆድ ይይዛል፣ ጭን አልታጠፍ ይላል፣ ጉልበት ያማል። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ስልኩ ይዘጋና «ይሄ ነገር ለእኔ ዓይነት ሰው አይደለም» ይባላል።

ከመሃል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ሆናችሁ የምታነቡን ብዙዎቻችሁ ደግሞ ምርጫችሁ ጠባብ ነው። አስተማሪያችሁ ስልካችሁ ነው፤ ስልኩ ደግሞ አያያችሁም። «አንቺ ጉልበትሽን ሰፋ አድርጊው» የሚል ሰው ከጎን የለም።

ዛሬ የምናብራራው ይሄንን ነው። በዓለም ላይ የዮጋ አስተማሪዎችን ሰፊ ሰውነት ላለው ሰው እንዴት ማስተማር እንዳለባቸው የሚያሠለጥን ሥራ አለ። የሚያስተምረው ነገር ሲጠቃለል አንድ ነው፦ ቅርጹ ለሰውነቱ ይስተካከላል እንጂ ሰውነቱ ለቅርጹ አይቀጣም። ይህ ደግሞ ለዮጋ ብቻ ሳይሆን ለኤሮቢክስ፣ ለጂም፣ ለሰፈር ማስ ስፖርትም ይሠራል።

ችግሩ ከየት ይጀምራል?

በብዙ አገር የተለመደው የዮጋ አስተማሪዎች መነሻ ሥልጠና 200 ሰዓት ነው። በዚያ ውስጥ ቅርጾቹ፣ አተነፋፈሱ፣ የሰውነት አሠራሩ፣ ታሪኩና የማስተማር ዘዴው ሁሉ መግባት አለበት። ታዲያ ቅርጾቹ የሚታዩት ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት ሰውነት ላይ ነው፦ ወጣት፣ ቀጭን፣ ተጣጣፊ። ሠልጣኙም ራሱ እንደዚያ ከሆነ ሆድ ከጭን ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚሰማ አያውቀውም።

ከዚያ ተመርቆ ክፍል ሲከፍት 95 ኪሎ የሆነች ሴት ትመጣለች። ምን ይላታል? ሌላ የሚያውቀው ስለሌለ «አንቺ እረፊ፣ እነሱ ሲጨርሱ ትቀጥያለሽ» ይላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ስላልተማረ ነው። ሴትዮዋ ግን የሰማችው «ቦታሽ እዚህ አይደለም» የሚለውን ነው። በሳምንቱ አትመጣም። ስፖርት ቤት ውስጥ ያፈረ ሰው የሚተወው ስፖርቱን ነው እንጂ ክብደቱን አይደለም።

ሥልጠናውን ማን ጀመረው?

ነገሩ የፌስቡክና የኢንስታግራም ዘመን ፈጠራ ብቻ አይደለም። ሥሩ ሕንድ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 የተወለደው ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር በልጅነቱ ወባ፣ ታይፎይድና ሳንባ ነቀርሳ የተፈራረቁበት ደካማ ልጅ ነበር። ዮጋን የጀመረው በዚያ ሰውነት ነው። አስተማሪ ከሆነ በኋላ ግድግዳ፣ ወንበር፣ ገመድ፣ ቀበቶ፣ የእንጨት ብሎክና የታጠፈ ብርድ ልብስ እየተጠቀመ የታመመውም፣ ያረጀውም፣ የማይታጠፈውም ሰው ቅርጹን እንዲያገኝ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ፑኔ ከተማ ላይ የከፈተው ተቋም እስከ ዛሬ በዚህ ይታወቃል።

ሰፊ ሰውነት ላይ ያተኮረው ሥልጠና የመጣው ዘግይቶ በሰሜን አሜሪካ ነው። ጄሳሚን ስታንሊ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ወፍራም ሰውነቷን ሳትደብቅ ዮጋ ስትሠራ የሚያሳዩ ፎቶዎችን ኢንስታግራም ላይ እየለጠፈች ታዋቂ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጽሐፍ አሳተመች። ካናዳዊቷ ዳያን ቦንዲና አሜሪካዊቷ አምበር ካርንስ ደግሞ «ዮጋ ለሁሉም» የሚል ለአስተማሪዎች የተዘጋጀ የኦንላይን ሥልጠና አብረው ከፈቱ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ስታንሊ «እኔም እችላለሁ» ብላ አሳየች፤ ቦንዲና ካርንስ ደግሞ አስተማሪው ሌላውን ሰው እንዴት ማስቻል እንዳለበት ማስተማር ያዙ።

አስተማሪው ምን ይማራል?

1. ቦታ መስጠትን

ሰፊ ሰውነት ላይ ብዙ ቅርጾች የሚበላሹት በጥንካሬ ማነስ ሳይሆን በቦታ ማነስ ነው። ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ ተቀምጦ ግንባርን መሬት የማስነካቱን ቅርጽ አስቡት። ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ከሆነ ሆድ መሄጃ የለውም፤ ትንፋሽ ያጥራል። ጉልበቶቹን ሰፋ ማድረግ፣ በመቀመጫና በተረከዝ መሃል የታጠፈ ብርድ ልብስ ማስገባት፣ ግንባርን በተደራረበ ጡጫ ላይ ማሳረፍ በቂ ነው። ያው ቅርጽ ነው፤ አሁን ግን ይተነፈሳል።

ቆሞ ወደ ፊት መታጠፍም እንደዚያው። እግር ሰፋ፣ ጉልበት ትንሽ እጥፍ፣ እጅ ወንበር ላይ። ሌላም አለ፦ ሆድን ወይም የጭንን ሥጋ በእጅ ይዞ ወደ ጎን ገለል ማድረግ። አስተማሪው ይህን ሳያፍርና ሳያሳፍር፣ «ክንዳችሁን ዘርጉ» እንደሚል ሁሉ መናገርን ይማራል።

2. ሽግግሩን

ብዙ ሰው የሚቸገረው ቅርጹ ላይ ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ነው። በአራት እግር ሆኖ አንድ እግርን በሁለት እጅ መሃል ወደ ፊት ማምጣት ለቀጭን ሰው አንድ እርምጃ ነው፤ ለሌላው ሆድ ያግደዋል። መፍትሔው እግሩን ዞር አድርጎ ከጎን ማምጣት፣ ቁርጭምጭሚትን በእጅ ይዞ መርዳት፣ ወይም ጭራሽ ቆሞ ወንበር ይዞ መጀመር ነው። ከመሬት መነሳትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ ጥሩ አስተማሪ ክፍለ ጊዜውን ሲያወጣ የመሬቱን ለብቻ፣ የቁሙን ለብቻ ያደርጋል፤ ሰውን በየደቂቃው ተነሱ ተቀመጡ አይልም።

3. ክብደት የሚያርፍበትን

እጅና እግርን መሬት ላይ ተክሎ መቀመጫን ወደ ላይ በሚያነሳው ቅርጽ የሰውነት ክብደት አንጓ ላይ ያርፋል። ክብደቱ ሲጨምር አንጓው ያማል። እጅን ግድግዳ ላይ ወይም ግድግዳ በተደገፈ ወንበር ላይ ማድረግ ጫናውን በጣም ይቀንሰዋል፤ ጀርባውም ይዘረጋል። በጀርባ መተኛትም ለአንዳንዱ ሰው እረፍት አይደለም፤ የደረትና የሆድ ክብደት ትንፋሽን ይጫናል። ጀርባንና ጭንቅላትን ከፍ አድርጎ መደገፍ ወይም በጎን መተኛት ያቀለዋል።

4. አነጋገርን

«ሙሉውን ቅርጽ የማትችሉ ቀላሉን ሥሩ» ሲባል ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው፦ የቻለና ያልቻለ። የሠለጠነ አስተማሪ የሚጀምረው ድጋፍ ካለው ነው፦ «ሁላችንም ወንበር ይዘን እንጀምር፤ ከፈለጋችሁ ወንበሩን ልቀቁት።» ነገሩ ያው ነው፤ ማንም ግን ወደ ታች አልወረደም። «ዛሬ የበዓሉን ዶሮ እናቃጥላለን» የሚለው ቀልድም ይቀራል። ሰዉ የመጣው ሊንቀሳቀስ እንጂ ስለበላው ሊናዘዝ አይደለም።

5. ፈቃድ መጠየቅን

ቅርጽ ለማስተካከል ብሎ ሰውን መንካት የተለመደ ነው። ሥልጠናው «ልንካሽ?» ብሎ መጠየቅን፣ «አይ» ሲባልም መልሶ አለመጠየቅን ያስተምራል። ወንድ አሠልጣኝ ሴቶችን በሚያስተምርበት አገራችን ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይም ነው።

ዕቃውስ? መንዝ ቤት ውስጥ አለ!

የዮጋ ዕቃ የሚባለው ነገር ዋጋው ያስደነግጣል። ግን አየንጋር የተጠቀመው ቤት ያለውን ዕቃ ነበር። እስቲ ዞር ብላችሁ ቤታችሁን ተመልከቱ።

• ባና ወይም ዝተት፦ የመንዝ በግ ሱፍ ተፈትሎ የሚሠራው ወፍራም ልብስ። አራት እጥፍ ስታደርጉት እግር አጣጥፎ ለመቀመጥ ምርጥ ከፍታ ነው። መቀመጫ ከጉልበት ከፍ ሲል ጀርባ በራሱ ይቃናል።
• አጎዛ፦ ስትንበረከኩ ከጉልበት ሥር። ከቀጭን ምንጣፍ ይሻላል።
• መቀነት፦ ተኝቶ እግርን ለማንሳት እጅ እግር ላይ ካልደረሰ መቀነቱን እግር ላይ አዙሮ መያዝ። ነጠላም ይሆናል።
• መደብ፦ ለመቀመጥም ለመነሳትም ከመሬት የቀለለ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ክብደት የማይፈራ።
• በርጩማና ወንበር፦ እጅ ለማሳረፍ። እንዳይንሸራተት ግድግዳ አስደግፉት፤ የሚወዛወዘውን ተዉት።
• የድንጋይ ግድግዳ፦ ከዚህ የሚበልጥ ድጋፍ የለም።

«ድጋፍ መያዝ እኮ ድክመት ነው» የሚል ካለ ደግሞ አንድ ነገር እንጠይቀው። ማኅሌት ቆሞ የሚያድር ሰው መቋሚያ ተደግፎ ነው የሚያድረው። ማን ነው ደካማ ያለው? መቋሚያው የተሠራው ረጅም ሰዓት መቆም እንዲቻል ነው። ወንበሩም እንደዚያው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። መሃል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ወደ 70 በመቶ ዝቅ ይላል። ተወልዶ ያደገበት ሰው ለምዶታል፤ ከቆላ ለወጣ ወይም ለረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ ላልሠራ ሰው ግን ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ባሕር ዳርቻ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ «ትንፋሻችሁን ያዙ» ሲላችሁ አትታገሉ፤ ልቀቁት። ብርዱም አለ፤ ሰውነት እስኪሞቅ ሌላ ጊዜ ከምትወስዱት በላይ ጊዜ ስጡት።

አገራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተሠርቶ ያውቃል?

ዮጋ ራሱ አዲስ አበባ ውስጥ እንግዳ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2014 ሰኔ 14ን (በእነሱ ጁን 21) ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ብሎ ከሰየመ ወዲህ የሕንድ ኤምባሲ ቀኑን ሲያከብር ቆይቷል። ጎረቤት ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ናይሮቢ ላይ የተጀመረው አፍሪካ ዮጋ ፕሮጀክት ወጣቶችን አሠልጥኖ የዮጋ አስተማሪነትን መተዳደሪያቸው እንዲያደርጉ ሠርቷል።

ከሁሉም ለርእሳችን የሚቀርበው ግን ከዳንሱ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ ከጎዳና ልጆች ጋር ትልቅ የዳንስ ትርዒት አዘጋጀ። ከዚያ 18 ወጣቶች ለዓመታት ሠልጥነው አዱኛ የተባለው የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር ተፈጠረ። ዓላማው ራሳቸው እንዲደንሱ ብቻ አልነበረም፤ ሌሎችን እንዲያስተምሩም ነበር። በኋላ አካል ጉዳት ያለባቸውንና የሌለባቸውን ዳንሰኞች አብሮ በማሠልጠን የሚታወቀው አዳም ቤንጃሚን ከእነሱ ጋር ሠራ፤ አካል ጉዳተኞች የሚደንሱበት «አዱኛ ፖቴንሻልስ» የተባለ ቡድንም ተመሠረተ።

ይህ ስለ ክብደት አይደለም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። በክራንች የሚሄድ ሰው መደነስ የቻለው ክራንቹን ስለጣለ አይደለም፤ አስተማሪው ከክራንቹ ጋር እንዴት እንደሚደነስ ስለተማረ ነው። አስተማሪን ማሠልጠን በሩን እንደሚከፍተው እዚሁ አገራችን ላይ ታይቷል።

«ግን እኛ አገር ወፍራም ሰው ስንት ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በላይ ቀጭን ነበሩ፤ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው 8 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ በአገር ደረጃ ምግብ ማነስ አሁንም ትልቁ ችግር ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ያ 8 በመቶ 3 በመቶ ነበር። እየጨመረ ነው፤ በብዛት ያለውም ከተማ ውስጥ ነው።

አመለካከታችንም መሃል ላይ ነው ያለው። ለበዓል ከአዲስ አበባ ወደ መንዝ የተመለሰን ልጅ ዘመድ «ውይ! ወፈርክ፣ ተመችቶሃል» ብሎ ይቀበለዋል፤ ምርቃት ነው። ያው ልጅ ጂም ሲገባ ያቺው «ወፈርክ» መሳቂያ ትሆንበታለች። ሴት ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ አክስቷ «አምሮብሻል» ያለችውን ፎቶ ቲክቶክ ላይ ስትለጥፈው ስድብ ይወርድባታል። ሁለቱም ወገን ስለ ሰውነቷ ይናገራል፤ ምን እንደሚሰማት የጠየቃት ግን የለም።

ብዙ ጊዜ የሚነሱ ጥያቄዎች

ዮጋ ያከሳል?
ለዚያ ብላችሁ ከሆነ ቅር ይላችኋል። ለስላሳ ዮጋ የሚያቃጥለው ጉልበት ቀስ ብሎ ከመራመድ ብዙም አይርቅም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ሚዛን፣ ጥንካሬ፣ መተጣጠፍ፣ መረጋጋት። ለቆየ የወገብ ሕመምም መጠነኛ ጥቅም እንዳለው ጥናቶች ያሳያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይቆጠራል። ይህ ደግሞ ክብደት ባይቀንስም ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ይጠቅማል። «ካልከሳሁ ምን ዋጋ አለው» ብሎ የሚተው ሰው ይህን ሁሉ ነው የሚያጣው።

ወፍራም ሰው ሁሉ ታማሚ ነው?
አይደለም። ክብደት ሲጨምር የስኳርና የደም ግፊት ዕድል ይጨምራል፤ ይህ እውነት ነው፣ አንደብቀውም። ግን ክብደትን በቁመት ስኩዌር የሚያካፍለው ስሌት እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ቤልጅየማዊው የሒሳብ ሰው አዶልፍ ኬትሌ ያወጣው ሲሆን ጡንቻንና ስብን አይለይም። የአንድ ሰው ጤና የሚታወቀው በምርመራ ነው፤ በዓይን ግምት አይደለም። የዮጋ አስተማሪ ደግሞ ሐኪም አይደለም።

ከሃይማኖት ጋር አይጋጭም?
የዮጋ መነሻ ከሕንድ እምነቶች ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ቦታ እንደ አካል ብቃት እንቅስቃሴ ብቻ ይሰጣል፤ ይህንንም የማይቀበሉ የሃይማኖት አባቶች አሉ። ውሳኔው የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ወይም የሃይማኖት መምህራችሁ ነው። ዮጋ ባትሠሩም ግን ከላይ ያነበባችሁት ሁሉ ለተራ ማፍታቻ ስፖርት ይሠራል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መኪና ቆሞ ሰው አስፋልት ላይ ስፖርት መሥራት ሲጀምር መድረክ ላይ ያለው አሠልጣኝ ስንቱን ዓይነት ሰውነት ነበር ከፊቱ ያየው!

አደጋ አለው?
ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም ግላኮማ ያለበት ሰው ጭንቅላትን ወደ ታች የሚያደርጉ ቅርጾችን ይተው። ነፍሰ ጡር ሴት፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ የልብ ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ደረት ላይ ሕመም፣ ማዞር፣ የሚወጋ የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ ማቆም ነው፤ «ቻለው» የሚል አስተማሪ አትስሙ።

ጥሩ አስተማሪን በምን ታውቁታላችሁ?

ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦
• «ከመሬት መነሳት ቢከብደኝ ምን ታደርጋለህ?» መልሱ «ትለምጂዋለሽ» ብቻ ከሆነ አልተማረም ማለት ነው።
• «እጀታ የሌለውና የማይወዛወዝ ወንበር አላችሁ?» ባለ እጀታ ወንበር ለሰፊ ዳሌ ይጠባል።
• «ስትነካን ትጠይቃለህ?»

በስልክ ብቻ የምትሠሩ ደግሞ በወንበር ወይም በግድግዳ የሚሠሩ ቪዲዮዎችን ፈልጉ፤ የሚያሠራችሁ ሰው ሰውነትም የእናንተን ቢመስል ይመረጣል። ቪዲዮውን አቁማችሁ ቦታ አመቻቹ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ማንም አያባርራችሁም።

የስፖርት አስተማሪ ለሆናችሁ፣ ትምህርት ቤት ላላችሁትም፣ ለስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችም አንድ የቤት ሥራ እንስጥ። አንድ ትራስ ሆዳችሁ ላይ በመቀነት አጥብቃችሁ እሰሩና ነገ የምታስተምሩትን ትምህርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥሩት። ትራስ እውነተኛ ሰውነት አይሆንም፤ ግን የት ቦታ እንደጠበበ፣ የት ትንፋሽ እንዳጠረ በአሥር ደቂቃ ይነግራችኋል። ከዚያ ትምህርቱን እንደገና አውጡት።

ክፍል ውስጥ ከኋላ ቆማ «ይቅርብኝ» የምትል ልጅ ካለች ደግሞ ወንበሩን ለእሷ ብቻ አታምጡላት። ለሁሉም አምጡ።

ይህን ጽሑፍ ለምታውቁት አሠልጣኝ ላኩለት። እናንተስ ስፖርት የተዋችሁት በምን ምክንያት ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ እናነባለን።